የሞተር ብስክሌት ካርቡሬተር ባጃጅ ላይ መግጠም፦ ለደጋ አገር የሚሆን አሠራር

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። አንዳንዱ ደብረ ማርቆስ ድረስ ባጃጁን እየገፋ ይመጣል፣ አንዳንዱ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከሞጣ ይደውላል። ነገሩ ግን አንድ ነው፦ «ካርቡሬተሩ (ቤንዚኑን ከአየር የሚያደባልቀው) አልቋል፤ ዋናው ጠፍቷል፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። የሞተር ብስክሌቱን ብገጥምበት ይሠራል?»

ይሠራል። መግጠሙ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ለሞተሩና ለአገሩ አየር ማስማማቱ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ብዙ ሰው የሚዘልለውም ይህንኑ ግማሽ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ «ቤንዚን ይጠጣል፣ ዳገት አይወጣም» እያለ ካርቡሬተሩን ይራገማል።

መመሪያው የተጻፈው በካርቡሬተር ለሚሠራው፣ ፎር ስትሮክ ለሚባለው 200 ሲሲ ገደማ ሞተር ነው። ቤንዚን በኢንጀክሽን የሚረጭ ባጃጅ ካላችሁ አትንኩት፤ ኮምፒውተሩ ይህን ለውጥ አይቀበልም። አሮጌው ቱ ስትሮክም ከዚህ ውጪ ነው። በእርሱ ዘይቱ ወደ ሞተር የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ቤንዚኑን ስታሳንሱ ዘይቱም ያንሳል፤ ፒስተኑም ሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ ይቀራል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፦ ይህ ሥራ ጉልበት አይጨምርም። ያረጀውን በሚሠራ መተካት ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የሞተር ብስክሌት ካርቡሬተር፣ ተንሸራታቹ (የአየሩን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው) በካቦ ወደ ላይ የሚሳብ ዓይነት። ገበያ ላይ ፒ ዜድ 26፣ ፒ ዜድ 27 እና ፒ ዜድ 30 የሚባሉት ይገኛሉ
- ከተገጠመው ዋና ጄት (ቤንዚኑን በቀዳዳው የሚመጥነው ትንሽ ናስ) በቁጥር የሚያንሱ ሁለት ወይም ሦስት ጄቶች፤ ሻጩ «አያስፈልግም» ቢላችሁም ግዙ
- አዲስ ጓርኒሲዮን (በሁለት ፊቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ወይም የጎማ ቀለበት
- በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል የሚገባው፣ ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ጠንካራ ፕላስቲክ
- 6 ሚሊ ሜትር የቤንዚን ቱቦ አንድ ሜትር፣ ትንሽ የቤንዚን ፊልትሮና አራት ፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ)
- አዲስ ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚፈነጥቀው)፣ የሞተሩ መመሪያ በሚያዘው ቁጥር
- የ8፣ የ10 እና የ12 መፍቻ፣ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካሊፐር
- ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ቁራጭ መስታወት
- የሳሙና ውሃ በመርጫ ጠርሙስ
- ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ (ለምን እንደሚሆን በኋላ ታያላችሁ)

ማስጠንቀቂያ

ሥራውን ደጅ ሥሩ። ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ ካርቡሬተር የሚያጥብ ሰው ደጋግሜ አይቻለሁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳቱ ጋ ይደርሳል። አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገባችሁ ይኑር፤ የተቀጣጠለ ቤንዚን ላይ ውሃ ብትደፉበት እሳቱን ይዞ ይፈስሳል። ቤንዚን በአፍ አትሳቡ። ሞተሩን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስነሡ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይሰጥ ይገድላል። የባትሪውን የኔጌቲቭ ሽቦም ከመጀመራችሁ በፊት ፍቱ።

አሠራሩ

1. ጥፋቱ የካርቡሬተሩ መሆኑን አረጋግጡ። «አልቋል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ብዙው ቆሻሻ እንጂ ያለቀ አይደለም። ያለቀውን ለመለየት ተንሸራታቹን በጣት ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ቋ ቋ ካለና ጎኑ ላይ የተፋቀ መስመር ካለ በእርግጥ አልቋል፤ አየር በጎኑ ስለሚያልፍ በምንም ዓይነት ማስተካከያ አይድንም። ይህ ከሌለ አጥባችሁ መልሱት፣ ገንዘባችሁም ይትረፍ። ካንዴላውን፣ የአየር ፊልትሮውንና የቫልቮላውን ክፍተትም አሁኑኑ እዩ። በታመመ ሞተር ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ሞተሩ ሲድን መልሶ ይበላሻል።

2. መጠኑን ምረጡ። ስሙ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ። የነባሩንና የአዲሱን የአየር ቀዳዳ በሞተሩ በኩል በካሊፐር ለኩ። አዲሱ ከነባሩ እኩል ወይም በአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የተለየ ቢሆን ይበቃል። «ትልቅ ይሻላል» ብሎ ፒ ዜድ 30 የሚገዛ ሰው የሚያጣው ጅማሬውን ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ አየሩ በዝቅተኛ ዙር ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ቤንዚኑን በደንብ አይስብም። ባጃጅ ደግሞ ኑሮው ሦስት ሰው ጭኖ፣ ቆሞ መነሣትና ኮብልስቶን ዳገት መውጣት ነው። የሁለቱን ብሎን ቀዳዳዎች ርቀትም ለኩ። ካልገጠመ ቀዳዳውን በመሞረድ አታስፉት፤ መሸጋገሪያ ሳህን በቶርኖ ቤት አስቆርጡ።

3. የድሮውን ፍቱ። የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ፣ በካርቡሬተሩ ሥር ባለው ቋት ውስጥ የቀረውን ቤንዚን በዕቃ ተቀበሉ፣ ከመፍታታችሁም በፊት በስልካችሁ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሡ። የሞተሩን ቀዳዳ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ፤ አንዲት ሮንዴላ ከገባች ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ማውረድ ሊመጣ ነው። የድሮውን ካርቡሬተር አትጣሉት፣ በፌስታል አስቀምጡት።

4. የሚገጣጠሙትን ፊቶች አስተካክሉ። የሥራው ልብ ያለው እዚህ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ዘርጉና የካርቡሬተሩን ፊት በላዩ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ፈትጉ። ከአሥር ዙር በኋላ ገልብጣችሁ እዩት። ዙሪያው ሁሉ እኩል ካበራ ደህና ነው፤ መሐሉ ጠቁሮ ሁለቱ ጆሮዎች ብቻ ካበሩ ፊቱ ተጣሟል ማለት ነውና እኩል እስኪያበራ ቀጥሉ። በርካሾቹ ላይ ይህ መጣመም የተለመደ ነው። በዚያ ቀጭን ክፍተት የሚገባው አየር በካርቡሬተሩ ውስጥ ስላላለፈ ቤንዚን አልያዘም፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ሞተሩ ከፍ ዝቅ የሚለውና እየጋለ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀት መከላከያውን ፕላስቲክም ከሁለት ወገን እንዲሁ አድርጉ። «ከሌለስ?» ለሚሉኝ፦ ያለ እርሱ አትግጠሙ። የሞተሩ ሙቀት በቋቱ ያለውን ቤንዚን ስለሚያፈላው ባጃጁ ለአምስት ደቂቃ ቆሞ አልነሣ ይላል።

5. አዲሱንም ቢሆን እጠቡ። ከፋብሪካ የቀረ የብረት ብናኝ የማይገኝበት ጥቂት ነው። ቋቱን ፍቱ፣ ጄቶቹን አውጡ፣ በንጹሕ ቤንዚን አጥባችሁ በአየር ንፉ። በጄት ቀዳዳ ውስጥ ሽቦ ወይም መርፌ አታስገቡ። ናስ ለስላሳ ስለሆነ በአንድ ጭረት ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከዚያ የተጻፈበት ቁጥር ውሸት ይሆናል። የእያንዳንዱን ጄት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ተንሳፋፊውን (በቋቱ ውስጥ በቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈውን) በጣት ከፍ አድርጋችሁ በቤንዚን ማስገቢያው በአፍ ንፉ፦ አየር ካለፈ መዝጊያዋ መርፌ አትዘጋም፣ ቤንዚንም በየመንገዱ ይንጠባጠባል።

6. ተንሸራታቹንና ካቦውን አያይዙ። ተንሸራታቹ ከታች በአንድ ጎኑ ተቆርጦ ከፍ ብሏል። የተቆረጠው ጎን ሁልጊዜ ወደ አየር ፊልትሮው ይመለከታል፤ በሌላው ጎን ያለው ረጅም ስንጥቅ ደግሞ ካርቡሬተሩ ውስጥ ካለችው ትንሽ ጉጥ ጋር መገናኘት አለበት። አንድ ቀን መሽቶብኝ በችኮላ አዙሬ ከተትኩት። ሹፌሩ ልጅ ቁልፉን እንዳዞረ ሞተሩ እንደ ተወጋ በሬ ጮኸ፣ ባጃጇ በቆመችበት ተንቀጠቀጠች። «ጋሼ፣ ምን አደረግኋት?» አለኝ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ። እርሱ ምንም አላደረጋትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተር ሳላስነሣ በፊት ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው አዙሬ እለቅቃለሁ። ተንሸራታቹ «ጠቅ» ብሎ መውደቁን ካልሰማሁ አላስነሣም።

   የካቦው ጫፍ ለሞተር ብስክሌቱ ካርቡሬተር ላይገጥም ይችላል። በፒንሳ የተጨፈለቀ ሽቦ ወይም በብሎን የሚጠበቅ ጊዜያዊ ጫፍ አትጠቀሙ፤ ልኩ የሆነ ካቦ አስገቡ። ጫፉ ቁልቁለት ላይ ቢይዝ ነዳጅ እንደሰጠ ይቀራል። ሲያልቅ በእጀታው ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ልልነት ይኑር። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ አዙሩ፤ ካቦው መወጠር የለበትም።

7. ግጠሙ። መጀመሪያ ሞተሩን የደፈናችሁበትን ጨርቅ አውጡ። ከሞተሩ ወደ ውጭ፦ ጓርኒሲዮን፣ ፕላስቲኩ፣ ሌላ ጓርኒሲዮን ወይም የጎማ ቀለበት፣ ካርቡሬተር። ሁለቱን ዳዶዎች ተራ በተራ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር አጥብቁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ በደረጃ 4 ያቀናችሁትን ፊት መልሶ ያጣምመዋል። 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ብዙ ኃይል አይፈልግም፤ አጭር መፍቻ በእጅ አንጓ ይበቃዋል። ቋቱ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ካጋደለ ተንሳፋፊው የቤንዚኑን ከፍታ በትክክል አይለካም።

8. የቤንዚን ቱቦ። ከታንኩ እስከ ካርቡሬተሩ ሳያቋርጥ ቁልቁል ይውረድ፣ ጉብታ አይኑረው፣ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አይንካ። የፊልትሮዋ ቀስት ወደ ካርቡሬተሩ ያመልክት። በሃይላንድ ጠርሙስ የተሸጠ ቤንዚን የምትጠቀሙ ከሆነ ይህች ፊልትሮ የግድ ናት። በክረምት ደግሞ በየሳምንቱ የቋቱን መፍሰሻ ከፍታችሁ ውሃ መኖሩን እዩ፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ይታያል። በካርቡሬተሩ ላይ የተረፈ ትንሽ የቱቦ አፍ ካለ ሁሉንም አትድፈኑ። ወደ ሞተሩ በኩል የሚስበው ይደፈናል፤ ቋቱን የሚያስተነፍሰው ግን ክፍት ይቀራል፤ ከተደፈነ ቤንዚን መውረዱን ያቆማል።

9. የአየር ፊልትሮ። የነባሩን ሳጥን በጎማ መገናኛ አያይዙ። «ለጊዜው» ብሎ ያለ ፊልትሮ መንዳት የለም። የበጋው አቧራ የፒስተኑን ፋሻዎችና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላል። በዚያ ላይ ፊልትሮ ሳይኖር ያስተካከላችሁት ጄት ፊልትሮው ሲገባ ልኩ አይሆንም።

10. አስነሥታችሁ አየር የሚያስገባ ክፍተት ፈልጉ። የባትሪውን ሽቦ መልሱ፣ ቾኩን (በብርድ ለማስነሣት ቤንዚን የሚያበዛውን) ስባችሁ አስነሡ፣ አምስት ደቂቃ ይሙቅ፣ ቾኩን መልሱ። አሁን በደረጃ 7 የገጠማችሁት መገናኛ ዙሪያ የሳሙናውን ውሃ በትንሽ በትንሹ እርጩ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ወይም አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ መግቢያው እዚያ ነው፤ ፈትታችሁ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። ለዚህ ፍተሻ ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት ምን እንደሚያመጣ መንገር ያለብኝ አይመስለኝም። ይህን ፍተሻ ሳታልፉ ወደሚቀጥለው አትሂዱ፤ አየር እያስገባ የሚስተካከል ካርቡሬተር የለም።

11. ሚኒሞውንና የድብልቁን ብሎን አስተካክሉ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ትልቁ ብሎን ተንሸራታቹን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ በእርሱ ዙሩን ከተለመደው ጥቂት ከፍ አድርጉት። ትንሹን የድብልቅ ብሎን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ዝጉ (አታጥብቁት፣ ጫፉ ይበላሻል)፣ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል መልሱ። ከዚህ ተነሥታችሁ ሩብ ሩብ ዙር እያላችሁ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሞክሩና ሞተሩ በጣም የፈጠነበትና ለስላሳ የሆነበት ቦታ ላይ አቁሙ። በመጨረሻ በትልቁ ብሎን ዙሩን ወደ 1,300 ገደማ አውርዱ።

    ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት እዚህ አለ። የድብልቁ ብሎን ከተንሸራታቹ ወደ ፊልትሮው በኩል ካለ የአየር ብሎን ነው፣ ሲላላ አየር ይጨምራል። ወደ ሞተሩ በኩል ካለ የቤንዚን ብሎን ነው፣ ሲላላ ቤንዚን ይጨምራል። ያንኑ ብሎን ወደዚያው አቅጣጫ እያዞሩ ተቃራኒ ውጤት የሚያገኙት ሰዎች ይህን ሳያዩ ነው።

12. ለከፍታው አስማሙ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ እንጅባራ ከ2,500 በላይ፣ ባሕር ዳር ወደ 1,800። በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ዳገት ላይ መታፈን ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ከፋብሪካ የሚመጣው ጄት ደግሞ ለእኛ ደጋ ተብሎ የተመረጠ አይደለም።

    ፕላስተሩን አሁን አውጡ። በነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ አንድ ቁራጭ፣ በማይዞረው ክፍል ላይ ሌላ ለጥፉ፤ ከዝግ እስከ ሙሉ ያለውን በአራት ክፈሉና ምልክት አድርጉ። የትኛው አካል መነካት እንዳለበት የሚነግራችሁ ይህ ምልክት ነው። እስከ መጀመሪያው ምልክት ድረስ የሚገዛው የሚኒሞው ጄት፣ የድብልቁ ብሎንና የተንሸራታቹ ቅርጽ ነው። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ምልክት የምትገዛው በተንሸራታቹ ላይ የተንጠለጠለችው ረጅሟ መርፌ ናት፤ በደረጃ 5 ያየናት የቋቱ መዝጊያ አይደለችም። ከሦስተኛው እስከ ሙሉ የሚገዛው ዋናው ጄት ነው።

    ከዋናው ጄት ጀምሩ። ሰው የማይበዛበት ረጅም ዳገት ፈልጉ፣ ከምትጭኑት ጋር የሚመጣጠን ጭነት ይኑር፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ውጡ። እንደዚያው እየሳበ ሳለ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉና ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩ፤ ይግላል፣ በጨርቅ ያዙት። እንደ ገብስ ቆሎ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ጄቱን በአንድ ደረጃ አሳንሱ፣ ለምሳሌ 105 ከነበረ 100፣ ከዚያ 98። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ ወዲያውኑ ወደሚበልጠው ቁጥር ተመለሱ፣ እንዲህ ሆኖ መንዳት ቫልቮላ ያቃጥላል። ለደብረ ማርቆስ ብዙ ጊዜ ሁለት ደረጃ መውረድ ይበቃል።

    ቀጥሎ መርፌዋ። በአናቷ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ቅንጥብ ይይዛሉ። ቅንጥቡን ወደ ላይ ስትወስዱ መርፌዋ ትወርዳለች፣ ቤንዚን ይቀንሳል፤ ወደ ታች ስትወስዱት ይጨምራል። በግማሽ ነዳጅ ስትነዱ የሚንተፋተፍ ከሆነ ቾኩን ለአፍታ በትንሹ ሳቡ፦ ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል፣ ከባሰበት በዝቶበታል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ቀይራችሁም ጻፉ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ለውጦ የተሻለውን ያወቀ ሰው እስካሁን አላየሁም።

13. ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ። አዲስ ጓርኒሲዮን ሲሞቅ ይተኛል፣ ዳዶዎቹም ይላላሉ። ሞተሩ ሲበርድ ሁለቱን አንድ ጊዜ አጥብቁ፣ ፋሼታዎቹን እዩ፣ የሳሙናውን ፍተሻ ድገሙ።

ተደጋግመው የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

*ፊቱ ሳይስተካከል ሲሊኮን መቀባት።* ቤንዚን ሲሊኮኑን አሳብጦ ያላቅቀዋል፤ የተላጠው ቁራጭ ወደ ሞተር ይሳባል ወይም የሚኒሞውን ቀዳዳ ይደፍናል። የሚያፈስስ ፊት መድኃኒቱ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

*ቤንዚን ለመቆጠብ ጄቱን ከመጠን በላይ ማሳነስ።* ባለባጃጆች አጥብቀው የሚለምኑኝ ይህንን ነው። ጄቱ ሲያንስ ሞተሩ ስለሚደክም ሹፌሩ ሳያውቀው ነዳጅ መስጫውን የበለጠ ያዞራል፤ ቁጠባው ይጠፋል፣ ሙቀቱ ግን ይቀራል።

*ባጃጁን ዝቅ ወዳለ አገር ሲወስዱ አለማሰብ።* ለደብረ ማርቆስ ያሳነሳችሁት ጄት ባሕር ዳር ላይ ሊያንስ ይችላል። ባጃጁን ስትሸጡ ያወጣችሁትን የፋብሪካውን ዋና ጄት በላስቲክ ቋጥራችሁ ለገዢው ስጡት፣ ቁጥሩንም ንገሩት። እዚያ ሲደርስ ካንዴላውን አይቶ፣ ከነጣ በአንድ ደረጃ ከፍ ያድርግ።

*ሞተሩ ሳይሞቅ ማስተካከል።* ጠዋት በብርድ የተስተካከለ ሚኒሞ ረፋድ ላይ ይጮኻል። ብርድ ላይ ጥሩ ሄዶ ሲሞቅ የሚታፈን ሞተር ቤንዚን በዝቶበታል፤ ወደ ደረጃ 12 መልሱት።

*ነዳጅ ሲለቀቅ ዙሩ ቶሎ ያለመውረድ።* ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው የሚኒሞውን ብሎን ነው። እርሱን ተዉት፤ በቅደም ተከተል የካቦውን ልልነት፣ የተንሸራታቹን አወዳደቅ፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ መገናኛውን እዩ። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው።